ክረምትን በዛንዚባር ማረፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ በጭቃና በጉም ስትዋጥ፣ ልጆችም ትምህርት ሲዘጋላቸው፣ «እስኪ ዘንድሮ ባሕር እንይ» የሚል ሰው ይበዛል። ከውጭ አገር ለክረምት የሚመጡ ዘመዶቻችንም ቤተሰብ ጠይቀው ሲጨርሱ «ትንሽ ቀን የት እንረፍ?» ይላሉ። ዛንዚባር ለሁለቱም ትመቻለች። ቅርብ ናት፣ ሞቃት ናት፣ በእኛ ክረምት ደግሞ እሷ በጋ ላይ ናት።

ችግሩ ብዙ ሰው እዚያም ሄዶ ሲሮጥ መክረሙ ነው። ጠዋት ደሴት፣ ከሰዓት ጫካ፣ ማታ ከተማ። ከዚያ ከሄደው በላይ ደክሞት ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ ያሉት መልሶች በሙሉ ለማረፍ ለሚሄድ ሰው የተጻፉ ናቸው። ሁሉንም ማየት ለሚፈልግ ብዙም አይረዱም።

ዛንዚባር ራሷን የቻለች አገር ናት?

አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1964 ከታንጋኒካ ጋር ተዋህዳ ታንዛኒያ የምትባለውን አገር መሠረተች። የራሷ ፕሬዚዳንትና የራሷ ምክር ቤት ግን አሏት። ዛንዚባር የደሴቶች ስብስብ ናት። ትልልቆቹ ኡንጉጃና ፔምባ ይባላሉ። ሰው «ዛንዚባር ሄድኩ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ኡንጉጃ ሄዷል ማለት ነው፤ እኔም ከዚህ በታች የማወራው ስለ እሷ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ አያገኘኝም?

እምብዛም አያገኛችሁም። የዛንዚባር ከባድ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ኅዳር አካባቢ ደግሞ አጠር ያለ ዝናብ አለ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ደረቅና ነፋሻ ነው። ከደቡብ የሚነሳ ነፋስ አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ቀኑ ወደ 28 ዲግሪ ገደማ፣ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል። አልፎ አልፎ ካፊያ ይወርዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል።

ሐምሌና ነሐሴ ግን አውሮፓውያንም የሚጎርፉበት ወቅት ነው። ማረፊያ ይወደዳል፣ ጥሩ ጥሩው ቀድሞ ይያዛል። ልጆች የሌሏችሁና ከትምህርት ቤት ጋር ያልታሰራችሁ ከሆነ ሰኔ መጀመሪያ ወይም ጥቅምት ላይ ብትሄዱ ያንኑ አየር በተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ። ታኅሣሥና ጥርም ዝናባቸው ብዙ አይደለም፣ ሙቀቱ ግን ያይላል። ከደጋ ለሚሄድ ሰው የክረምቱ ወራት ይሻላሉ ባይ ነኝ።

እንዴት ነው የሚኬደው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር ይበራል፤ በቀጥታ ከሆነ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ነው። አንዳንዱ በረራ መንገድ ላይ ኪሊማንጃሮ ስለሚያርፍ ትኬት ስትቆርጡ እሱን እዩ። ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ የምትመጡ ደግሞ ትኬቱን ከመጀመሪያው እስከ ዛንዚባር አድርጋችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቀን ቆይታችሁ የምታልፉበትን አማራጭ ጠይቁ። ሁለት የተለያየ ትኬት ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ዳሬሰላም ጉዳይ ያለው ሰው ከዚያ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት አካባቢ ተጉዞ መድረስ ይችላል። በክረምቱ ነፋስ ባሕሩ ይንጣል። መኪና ላይ የሚያስመልሰው ሰው በአውሮፕላን ቢሻገር ይሻለዋል።

ምን ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

አራት ነገር፦ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የዛንዚባር የጉዞ ኢንሹራንስ።

ቪዛውን በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ቀድማችሁ አመልክቱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው «ስደርስ ኤርፖርት ላይ አወጣለሁ» ብሎ ባይተማመን ጥሩ ነው። ከጉዞው ብዙ ሳምንት ቀድሞ ማመልከት፣ ጥያቄ ካለም አዲስ አበባ ያለውን የታንዛኒያ ኤምባሲ ማነጋገር ይበጃል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ከሌላው ሰው ለየት ያለ ቪዛ ነው የሚሰጣችሁ፤ ክፍያው 100 ዶላር ነው። ሳታውቁ ሌላው ሰው የሚሞላውን የ50 ዶላሩን ሞልታችሁ እንዳትመለሱ።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ከእኛ ለሚሄድ ሰው ካርዱ ግዴታ ነው። ከሌላ አገር መጥታችሁ አዲስ አበባ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆያችሁም ይመለከታችኋል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ ከወሰዳችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ኢንሹራንሱ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የወጣ ግዴታ ነው። ለአዋቂ 44 ዶላር ሲሆን የሚገዛው ከዛንዚባሩ መንግሥታዊ የኢንሹራንስ ድርጅት በኢንተርኔት ነው። ከአገራችሁ ይዛችሁት የምትሄዱት ሌላ ኢንሹራንስ ይህንን አይተካም። እቤት ቁጭ ብላችሁ ከፍላችሁ ወረቀቱን አትሙ፤ ኤርፖርት ላይ ከደከመ ልጅ ጋር ሰልፍ መቆም ዕረፍቱን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል።

የትኛው የባሕር ዳርቻ ይሻላል?

ይህ ጥያቄ በጣም ወሳኝ ነው፤ ሰውም ፎቶ አይቶ ብቻ የሚወስነው እሱን ነው። ፎቶው ላይ ሁሉም ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውኃ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ስትደርሱ ነው።

ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንጉዊና ኬንድዋ አሉ። እዚያ ባሕሩ ብዙ ስለማይሸሽ አብዛኛውን ቀን መዋኘት ይቻላል። ኬንድዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ፊት ለፊት ያሳያችኋል። በዚያው ልክ ሰው ይበዛል፣ ሙዚቃ ይበዛል፣ ሻጭም ይበዛል። ከኤርፖርት በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ነው።

ምሥራቁ ጎን ላይ ማቴምዌ፣ ፓጄ፣ ብዌጁ፣ ጃምቢያኒ ተደርድረዋል። እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመጣል። ሲሄድ ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ርቆ አሸዋውን ባዶ ያስቀረዋል። ፓጄ በካይት ሰርፊንግ (ነፋስ በሚጎትተው ጨርቅ ውኃ ላይ መንሸራተት) የታወቀች ናት፤ በክረምት ሰማዩ ላይ ያ ሁሉ ባለቀለም ጨርቅ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። ወጣቶች ይወዷታል። ጃምቢያኒ ግን ረጅምና ረጋ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ ሴቶች ገመድ ሲያስሩ፣ ሽማግሌዎች ጀልባ ሲጠግኑ እያያችሁ የምትቀመጡባት ቦታ።

ለማረፍ የምትሄዱ ከሆነ የእኔ ምርጫ ጃምቢያኒ ወይም ማቴምዌ ናት። ቀኑን ሙሉ ካልዋኘሁ ዕረፍት አይመስለኝም የሚል ሰው ደግሞ ኬንድዋ ይሂድ። ሁለቱን በሁለት በሁለት ቀን ለመከፋፈል አትሞክሩ። ሻንጣ ማሸግና መፍታት፣ ታክሲ መደራደር፣ ክፍል እስኪጸዳ መጠበቅ ሙሉ ቀን ይበላል። አንድ ቦታ መርጣችሁ እዚያው ተቀመጡ፤ ከተማዋን ለማየት መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ብትጨምሩ በቂ ነው።

ባሕሩ ሲሸሽ ታዲያ ምን ይሠራል?

ብዙ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን የሚደነግጠው በዚህ ነው። ትናንት ማታ እግሩ ሥር ሲያስገመግም የነበረው ባሕር ጠዋት ሲነሳ የለም! «ውኃው የት ሄደ?» ብሎ እንግዳ መቀበያው ድረስ የሚሄድ አለ።

ነገሩ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። ውኃው ሞልቶ እስኪጎድል ከስድስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ተመልሶ እስኪሞላም እንዲሁ። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፤ በዚያን ሰሞን በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ረገብ ይላል። ጠቃሚው ነገር ይህ ነው፦ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ ረፋድ ላይ ጎድሎ ከሰዓት በኋላ ወደ አመሻሹ ይሞላል። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ደግሞ ረፋዱ ላይ ሙሉ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት መዋኘት የሚወድ ሰው የጉዞውን ቀን በጨረቃ ቆጥሮ መምረጥ ይችላል። ማረፊያ ቤቶች የዕለቱን ሰዓት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ካልጻፉም ጠይቁ፣ ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

ባሕሩ ሲጎድል መበሳጨት አያስፈልግም። እንዲያውም እኔ ከሁሉ የምወደው ያንን ሰዓት ነው። ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ ሴቶች ካንጋ የሚሉትን ባለቀለም ጨርቅ አገልድመው፣ ራሳቸውን ሸፍነው ወደ ባዶው ባሕር ይወርዳሉ። አሸዋው ላይ የተተከሉ አጫጭር እንጨቶች አሉ። በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ የባሕር አረም ቡቃያ በየስንዝሩ ታስሯል። ሴቶቹ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ሆነው የደረሰውን ይለቅማሉ፣ ለጋውን መልሰው ያስራሉ፣ የለቀሙትን በከረጢት ተሸክመው ወጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ምግብ፣ የጥርስ ሳሙናና ቅባት ለሚያመርቱ ፋብሪካዎች ማወፈሪያ ሆኖ ወደ ውጭ ይሸጣል። በደሴቲቱ ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን ብዙ ሴት በእጇ ገንዘብ የያዘችበት ነው። ቅርብ ጊዜ ግን ባሕሩ እየሞቀ ስለሄደ ዳር ዳር የሚተከለው አረም ቶሎ ይበሰብሳል። ይህንን ራሳቸው ይነግሯችኋል።

አንድ ነገር አደራ፦ ገመዶቹን አትርገጡ፣ ሴቶቹንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። ሥራ ላይ ናቸው።

ርቃችሁ ስትሄዱም ሰዓት እያያችሁ ይሁን። ውኃው ሲመለስ በዝግታ ይመስላል፤ ግን ዝቅ ያለውን ቦታ ከኋላችሁ ቀድሞ ይሞላዋል። የላስቲክ ጫማ ሳታደርጉም አትውረዱ። ኮራሉ (ባሕር ውስጥ የሚያድገው ድንጋይ መሳይ ነገር) ይቆርጣል፤ የባሕር ጃርት ደግሞ እሾኹ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ዋና አልችልም። ምን አደርጋለሁ?

ከደጋ የመጣ ብዙ ሰው አይችልም፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ከሩቅ ያለው የኮራል ግድግዳ ትልልቁን ማዕበል ስለሚሰብረው ከውስጥ ያለው ውኃ ረጋ ያለ ነው። ውኃው ገና መሙላት ሲጀምር ወገብ ድረስ ገብቶ መቀመጥ በራሱ ደስታ ነው። ጀልባ ላይ ስትወጡ ግን የሕይወት ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። «ቅርብ ነው፣ ምንም አይልም» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ።

ፀሐዩ ለእኛ ቆዳ ምን ያደርጋል?

ያቃጥላል። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ናት። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሳይታወቃችሁ ትቃጠላላችሁ፤ የሚሰማችሁ ማታ አንሶላ ሲነካችሁ ነው። በተለይ ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ደፍተው ዓሣ የሚያዩ ሰዎች ጀርባቸው ይላጣል። አሮጌ ቲሸርት ለብሳችሁ ግቡ። ሰንስክሪኑን ከአገር ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ውድ ነው። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጥላ ሥር መተኛት ነው። ለዚያም አይደል የተሄደው?

የሰዓት ልዩነት አለ?

የለም፣ ሰዓታችን አንድ ነው። አቆጣጠሩ ራሱ እንደ እኛ ነው። በስዋሂሊ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን «ሳ ሞጃ»፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን «ሳ ምቢሊ» ይላሉ። ሌላው ቱሪስት የሚደናገርበትን ኢትዮጵያዊ ወዲያው ይረዳዋል።

ተጠንቀቁ ግን፦ በእንግሊዝኛ ስታወሩ ሾፌሩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሊቀይረው ይችላል። «ነገ በሁለት» ሲላችሁ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ አረጋግጡ። የበረራና የሆቴል ወረቀት ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

የፍልሰታ ጾም ላይ ብሄድ ምን እበላለሁ?

ይህንን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ነሐሴ ላይ የሚሄድ ሁሉ ያጋጥመዋል። መልካሙ ዜና ዛንዚባር ለጿሚ የምትመች መሆኗ ነው። ወጣቸው የሚሠራው በቅቤ ሳይሆን በኮኮናት ወተት ነው። «ማሃራጌ» የሚሉት በኮኮናት የተቀቀለ ባቄላ መሳይ ቦሎቄ አለ። በኮኮናት የበሰለ ሩዝ አለ፣ ካሳቫ አለ፣ «ምቺቻ» የሚባል እንደ ጎመን የሚሠራ ቅጠል አለ። ማንጎ፣ ፓፓያና አናናስ በየመንገዱ ነው።

ሦስት ቃል ያዙ፦ «ቢላ ኛማ» ያለ ሥጋ፣ «ቢላ ማዚዋ» ያለ ወተት፣ «ቢላ ማያይ» ያለ እንቁላል። ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ አንዳንዴ በቅቤ ስለሚጠበስ ጠይቁ። «ኡሮጆ» የሚሉት ቢጫ፣ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ውስጥ ድንች፣ የሽንብራ ባጂያና የካሳቫ ጥብስ ይገባል፤ እንቁላልና ሥጋም ይጨመርበታልና ሳይጨምሩበት አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ በመንገድ ምግብ ኡሮጆን የሚያህል አላገኘሁም። ሎሚው፣ ቃሪያው፣ ከላይ የሚነሰነሰው ድንች ጥብስ ሲንኮሻኮሽ… አንድ ሳህን አይበቃም።

የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ሥጋው በአብዛኛው ሃላል ነው። ሙስሊም ተጓዥ ስለ ምግብ ብዙም አያስጨንቀውም። ክርስቲያን ሆኖ በእርድ ጉዳይ የሚጠነቀቅ ሰው ደግሞ ከጾም ውጭ ባሉት ቀኖች ዓሣ ላይ ያተኩር። ዓሣው ጠዋት ከባሕር ወጥቶ ምሳ ላይ የሚቀርብ ነው፤ ኦክቶፐሱን በኮኮናት ቅመሱት።

ቡና ከናፈቃችሁ ስቶን ታውን (የደሴቲቱ አሮጌ ከተማ) ውስጥ ጆስ ኮርነር ወደምትባለው ትንሽ አደባባይ ሂዱ። ወንዶች ድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው እጀታ በሌላት ትንሽ ሲኒ ጥቁር ቡና ይጠጣሉ፣ ፖለቲካ ያወራሉ፣ «ባኦ» የሚሉትን እንደ ገበጣ ያለ ጨዋታ ይጫወታሉ። ቡናው ከእኛ ቀለል ይላል፤ ጨዋታው ግን ያው ነው።

ምን ልልበስ?

ባሕር ዳር ላይ የዋና ልብስ ችግር የለውም። መንደር ውስጥ፣ ገበያ ውስጥና ስቶን ታውን ውስጥ ግን ሴትም ወንድም ትከሻና ጉልበት ይሸፍኑ። ነጠላችሁን ወይም ቀለል ያለ ሻሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለነፋሱም ይሆናል። ባልና ሚስት ሆናችሁም ቢሆን መንገድ ላይ መሳሳም ነውር ነው። መጠጥ በሆቴልና በቱሪስት ምግብ ቤት ይገኛል፤ ጠርሙስ ይዞ መንደር ውስጥ መዞር ግን ሰውን መናቅ ነው። እኛ ጨዋ ሕዝብ ነን የምንል ሰዎች ይህንን ለማንም ማስረዳት አይገባንም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ገንዘብ በምን ይያዝ?

የአገራችን ባንኮች ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ላሳየ ተጓዥ ዶላር ይሸጣሉ። ስትቀበሉ ኖቱን እያገላበጣችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ወይም የተቀደደ የዶላር ኖት ታንዛኒያ ውስጥ አይቀበሏችሁም። ለዕለት ወጪ የታንዛኒያ ሽልንግ ያዙ። ኤቲኤም በከተማው በርከት ይላል፣ መንደሮቹ ላይ ግን ጥቂት ስለሆነ ከከተማ ሳትወጡ አውጡ። ሆቴል ስትይዙ ደግሞ በሰውና በሌሊት የሚታሰበው የመንግሥት ታክስ ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ጠይቁ።

መኪና ልከራይ ወይስ ታክሲ?

ታክሲ። በግራ በኩል ነው የሚነዳው፣ የደሴቲቱን የመንጃ ፈቃድም ይጠይቃሉ፣ ፖሊስም መንገድ ላይ ያስቆማል። ለማረፍ ለሄደ ሰው አያዋጣም። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ። ድፍረቱ ካላችሁ ዳላዳላ የሚሏት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና አለች፤ ከነዶሮው፣ ከነሙዙ ተጨናንቃ ትሄዳለች፤ እጅግ ርካሽ ናት።

ባሕር ዳር የሚከተሉኝን ሻጮች ምን ልበላቸው?

ፈገግ ብላችሁ «ሃፓና፣ አሳንቴ» በሉ፤ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ነው። አንዴ በቂ ነው። ጉዞ ከመንገድ ደላላ ከመግዛት በማረፊያችሁ በኩል መያዝ ይሻላል። ቅድሚያ ክፍያ እጁ ላይ ያልሰጣችሁት ደላላ ምንም አያደርጋችሁም።

ከባሕር ሌላ አንድ ሁለት ነገር ባይ የቱን ትመርጣለህ?

ስቶን ታውንን ያለ ጥርጥር። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የተመዘገበች ናት። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ የተጠረቡ የእንጨት በሮች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መንገዶች። ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው እዚህ መጥፋት አያስፈራውም።

የቀድሞው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የቆመውን የአንግሊካን ካቴድራል ሳታዩ አትውጡ። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘግቶ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ላይ ተሠራ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የሰው ሐውልቶች አሉ። የዕረፍት ቀን ላይ ከባድ ነው። ግን ያ ሁሉ ውበት በማን ጀርባ እንደተገነባ አውቆ መመለስ ተገቢ ይመስለኛል። ልጆች ካሉ አስቀድማችሁ አስረዷቸው።

ልጆችን የሚያስደስተው ከከተማው በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቀው ቻንጉ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮች እዚያ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ከመቶ በላይ የሆኑት ብዙ ናቸው። ጆዛኒ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዛንዚባር ሌላ የትም በተፈጥሮ የማይገኝ የቀይ ጉሬዛ ዝርያ አለ። የእኛን ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ለሚያውቅ ሰው ዘመዱን እንደማየት ነው።

በሐምሌ ከሄዳችሁና ዕድል ከገጠማችሁ ማኩንዱቺ መንደር ላይ «ምዋካ ኮግዋ» የሚባል ከፋርስ የመጣ የዘመን መለወጫ በዓል ይከበራል። ወንዶች የዓመቱን ቂም ለማውጣት በሙዝ ግንድ ይደባደባሉ፣ የሣር ጎጆ ይቃጠላል፣ ሴቶች አጊጠው ይዘፍናሉ።

ኪዚምካዚ ላይ የሚሸጠውን «ከዶልፊን ጋር ዋኙ» የሚባል ጉዞ ግን አልመክርም። ብዙ ጀልባ እንስሳቱን ከቦ ያሳድዳቸዋል፣ ሰው እላያቸው ላይ ይዘላል። ማረፍም አይደለም፣ ማየትም አይደለም።

ወባስ?

ዛንዚባር ወባን በጣም ቀንሳለች፤ ጨርሳ ግን አላጠፋችም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ። አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ ማታ ረጅም ልብስ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ፤ ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ።

ሻንጣዬ ውስጥ የማይገባ ነገር አለ?

ፌስታል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ዛንዚባር ከዚያም በፊት ጀምራዋለች። ጫማና እርጥብ ልብስ በጨርቅ ከረጢት ያዙ።

ምን ገዝቼ ልመለስ?

ቅመም። ደሴቲቱ በቅርንፉድ የታወቀች ናት። የቅመም እርሻዎቹን ስትጎበኙ ቅርንፉዱ ገና ሳይፈነዳ የሚለቀም የአበባ እንቡጥ መሆኑን ከነዛፉ ያሳዩአችኋል፤ ሄሉን ከሥሩ፣ ቀረፋውን ከልጡ፣ ገውዙን ከነቀይ መረቡ። ሽሮና በርበሬ የሚያዘጋጁ እናቶቻችንን ይዞ የሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። እነሱ አሽትተው ይጠይቃሉ፣ አስጎብኚው ራሱ ይማራል።

ቅርንፉድ ስትገዙ ያልተፈጨውን ምረጡ። ራሱ ያልረገፈ መሆኑን አይታችሁ በጥፍር ጫን በሉት፤ ጥሩ ከሆነ ዘይት ያወጣል። የተፈጨ ቅመም በሚያምር ሣጥን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የቆየ ነው። ቫኒላው እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ይሁን፤ ከደረቀና ከተሰበረ ተዉት።

ዛጎልና ኮራል ግን አትግዙ፣ ከአሸዋውም አታንሡ። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይቀማል፣ ያስቀጣልም። ልጆች ኪስ ውስጥ የሚደብቁትን ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ፈትሹ።